ይቅርታው ሌላ፣ ሥራው ሌላ

ሕግ የተማረችው የወንድሜ ልጅ በፋሲካ ማግስት ልትጠይቀኝ መጣችና፣ በልታ እጇን ከታጠበች በኋላ፣ «አክስቴ፣ በጃንሆይ ጊዜ እኮ ሴት ሠራተኛ መብት የሚባል ነገር አታውቅም ነበር» ብላ አስተማረችኝ። እኔን ነው እንግዲህ! ጸጉሬ ከደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት አጥር ሥር የሸበተውን ሴትዮ! የበዓል እንግዳ ባትሆን ኖሮ ምላሴን ታገኘው ነበር። «ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ ጽፌዋለሁ» አልኳት። ሳቀች። ቀልድ መስሏታል።

ቀልድ አይደለም። እኔ ጥሩወርቅ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። መንግሥት ቀጥሮኝ ስለማያውቅ ጡረታ ያወጣኝም የለም፤ ዓይኔ ፊደል ከፊደል መለየት ሲያቅተው ጠረጴዛዬን አጥፌ ራሴን በራሴ ጡረታ አወጣሁ። ዛሬ ልጆቹ በኮምፒውተር ይጽፋሉ፤ ባለጉዳዩ ወንበር ላይ ሳይደላደል ማመልከቻው ተጽፎ ያልቃል። እኔ ግን በአንድ ማመልከቻ ስንገላታ የምውልበት ቀን ነበር። ታዲያ አልቆጭም፤ የጻፍኩትን ዛሬ ቢያነቡልኝ አላፍርበትም።

ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው። አባቴ የድጓ መምህር ነበር፤ ወንድሞቼን ሲያስተምር ከጓዳ ሆኜ ቀድሜያቸው ስመልስ ጊዜ፣ ዝም ማሰኘቱ ከማስተማሩ ስለከበደው አስተማረኝ። በኋላ አማኑኤል ከተማ ከአክስቴ ጋር ስኖር ባሎቻቸው ወታደር ለሆኑ ሴቶች ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ከዚያ ደብረ ማርቆስ መጣሁ፤ እዚያም ግራዝማች እጅጉን አገኘሁ።

ግራዝማች የታወቁ ጠበቃ ነበሩ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ክረምት ከበጋ ጥቁር ካፖርት የማያወልቁ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር የሚጽፍላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። አንድ ሙሉ ክስ በቃላቸው ነግረው አስጻፉኝ፤ መልሼ ሳነብላቸው አንዱን ቦታ ትቼው ነበር።

«እዚህ ጋ ያልኩሽን ለምን ተውሽው?» አሉኝ።

«ከላይ ብለውታል፤ ሁለተኛ ሲባል ይደክማል» አልኳቸው።

«ከነገ ጀምሮ ነዪ» አሉኝ። ደሞዜ ከእኔ በፊት የነበረው ወንድ ጸሐፊ ያገኝ የነበረው ነው። ባለቤታቸው ለሴት ይህን ያህል ምን አስፈለገ ብለው ቢያጉረመርሙ፣ «ሥራው ቀለለ እንዴ?» አሏቸው። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ለግራዝማች ባለጉዳይ የምቀበለው ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ነበር፤ እዚያ የሚጽፉት ወንዶች ግን በቀላሉ አልለቀቁኝም። ሴት የጻፈችው ማመልከቻ ዳኛ ፊት ይቀላል እያሉ ባለጉዳይ ያሸሹብኝ ነበር፤ እዚያ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ወንበሬን ባስቀመጥኩ ቁጥር ቦታው የሰው ነው ይሉኛል። ግራዝማች ይህን ሲሰሙ አልተጣሉም፤ አንድ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ገዝተው መጡና ፀሐዩ ላይ ተከሉልኝ። «ጥላሽን ይዘሽ ነው የመጣሽ፤ ማንንም አታስቸግሪ» አሉኝ። እዚያች ጃንጥላ ሥር ዕድሜዬን ሙሉ ተቀመጥኩ። ጨርቋን ብዙ ጊዜ አስቀይሬያታለሁ።

የግራዝማችን ጠባይ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ነገር፣ ባለጉዳዩን ቁሞ እንዲናገር ያደርጉታል። «የተቀመጠ ሰው ያለቅሳል፤ የቆመ ሰው ይናገራል» ይሉኝ ነበር። ቀጥሎ እኔ የጻፍኩትን ያስነብቡኝና ለቅሶውን ሁሉ ያስወጡታል። «የደሀ አምላክ»፣ «እንባዬ ይታበስልኝ» የምትለውን ሁሉ አውጪ ይሉኛል። ሌሎቹ ጸሐፊዎች የሚኖሩት በዚችው ለቅሶ ስለነበር እኔ መጀመሪያ በጣም ከፍቶኝ ነበር።

ሦስተኛው ጠባያቸው ግን የሚደንቀው ነው። የሥራ ክርክር ሲመጣባቸው ሥራውን ራሳቸው ካልሞከሩት ክሱን አይነኩትም። የልብስ አጣቢ ጉዳይ ሲይዙ ውሃ ውስጥ እጃቸውን ነክረው ብርድ ልብስ ሲጨምቁ አይቻቸዋለሁ። ሰው ያሾፍባቸዋል። እሳቸው ደግሞ ካፖርታቸውን ለእኔ አስይዘው ይጨምቃሉ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በከተማው ዳር አንድ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ነበር፤ ባለቤቱ አቶ ደምሴ ይባላሉ። አቶ ደምሴ ክፉ ሰው ነበሩ ብል ውሸት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣሉ፣ የሠራተኛ ለቅሶ አይቀሩም፣ ሲቆጡ እንደ ክረምት ነጎድጓድ ናቸው፣ ወዲያው ደግሞ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ይቅርታ መጠየቅ በጣም ይወዱ ነበር። ያበላሹትን ማስተካከል ላይ ነበር የሚከብዳቸው።

እሳቸው ዘንድ ኑግ የምታበጥር የሻረግ የምትባል ልጅ ነበረች። ስታረግዝ ሆዷ መታየት ሲጀምር አባረሯት። ማባረሩ አልበቃ ብሏቸው ሰው ፊት ስለ ሆዷ የማይነገር ነገር ተናገሯት። እኛ ዘንድ ስትመጣ ግራዝማች እንደ ልማዳቸው ወደ መጭመቂያው ሄደው፣ ካበጣሪዎቹ መካከል ተቀምጠው ከጠዋት እስከ ምሳ ኑግ አበጠሩ። ሲመለሱ ፊታቸውና ጢማቸው በአቧራ ጠቁሮ ነበር። «ይህን ሥራ ነፍሰ ጡር ተቀምጣ ትሠራዋለች፤ ምንም የሚያግዳት ነገር የለም» አሉ።

ግን በጊዜው ሴት ሠራተኛ ስላረገዘች አትባረርም የሚል ቁርጥ ያለ ነገር ይዘን መቅረብ ያስቸግር ነበር። ስድብ ግን ዳኛም፣ ሽማግሌም፣ መንገደኛም ይገባዋል። ስለዚህ ግራዝማች ክሱን በስድቡ አስጀመሩት። ሰው ፊት እንደተዋረደች፣ ክብሯ እንደተነካ፣ በዚያውም ከሥራዋ እንደወጣች ጻፍን። ጥሩ ማመልከቻ ነበር፤ ሳነበው እኔው ራሴ እናደድ ነበር።

ቀጠሮው ሳይደርስ አቶ ደምሴ በየሻረግ ደጅ ሽማግሌዎችን አስከትለው፣ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ተንበረከኩ። አገራችንን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግረውም። የከተማው ትልቅ ሰው ደጇ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበርክኮ ያቺ የኑግ አበጣሪ ምን ትበል? ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል። እናቷ ከኋላዋ ሆና «ኧረ ይቅር በይ፣ በሆድሽ ላይ እንዳይደርስብሽ!» እያለች ታለቅሳለች። የሻረግም አለቀሰች። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ» አለች። ድንጋዩ ወረደ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሁሉም ተቃቀፈ።

በማግስቱ ሥራዋ ልትገባ ስትሄድ ዘበኛው በሩ ላይ መለሳት። «ታረቃችሁ እኮ፤ ደግሞ ምን ቀረሽ?» አላት። ዳኛው ፊት ስንቀርብም አቶ ደምሴ እርቁን በሽማግሌዎች አስመሰከሩ። ዳኛው ወደ ግራዝማች ዞረው፣ «የከሰሳችሁት ስለ ተዋረደች ነው። በእርቁ ተክሳለች። ከዚህ ወዲያ ፋይሉን ምን ብዬ ላቆየው?» አሏቸው። ግራዝማች ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ።

ቤታቸው ደጃፍ ስንደርስ ካፖርታቸውን እየቆለፉ እየፈቱ፣ «የጠየቅነውን አገኘን፤ ችግሩ የጠየቅነው ሥራዋን አልነበረም» አሉኝ። የሻረግ ከዚያ በኋላ ከጫካ ጭራሮ እየለቀመች በጀርባዋ ታመጣ ነበር። ከነሆዷ፣ ከወለደችም በኋላ ከነልጇ። በፍርድ ቤቱ በኩል ስታልፍ ሰላም ትለኝ ነበር። ሸክሟን አይቼ ምሳዬ የሚቀርበት ቀን ብዙ ነው።

ከዚያ ወዲህ የግራዝማች ማመልከቻ አጻጻፍ ተለወጠ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ባለጉዳዩ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ይጻፋል፤ የደረሰበት በደል ከዚያ በታች ይከተላል። ይህ ለዛሬ ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋል። ያኔ ግን በደልን አስረዝሞ ተናግሮ፣ ፍርዱን ለዳኛው ቸርነት መተው ነበር ወጉ። ሌሎቹ ጸሐፊዎች «የግራዝማች ጸሐፊ እግዜር ሳትል ትለምናለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የሻረግ ልጅ ድክ ድክ ማለት በጀመረች ጊዜ ዘይነባ እኛ ዘንድ መጣች። ዘይነባ የደምበጫ ነጋዴ ልጅ ናት፤ በአባቷ ሱቅ ሚዛን ሥር ያደገች፣ ባሏ ሞቶባት ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ቶሎ የማትስቅ ሴት። አቶ ደምሴ ዘንድ አበጣሪ ሆና ገብታ ነበር። ሚዛን ያዡ ሰውዬ ሲታመም አንድ ቀን ብቻ እንድትተካው ተባለ። ሰውዬው ሳይመለስ ቀረ፤ እሷም ኑጉን ከገበሬ እየመዘነች መረከቡን ያዘችው። ዓመት አለፈ። ከዚያ አቶ ደምሴ ለቦታው ሌላ ሰው ቀጠሩና እሷን ጠርተው፣ «ሥራውን አሳዪው፤ ከዚያ ወደ ማበጠሩ ተመለሺ» አሏት።

«ያጠፋሁት አለ ወይ?» ብላ ጠየቀች።

«የለም፤ ግን ሚዛን ላይ ሴት አይሆንም። ገበሬው አያምንም» አሏት።

ግራዝማች እንደ ልማዳቸው ሄዱ። ሥራውን ለአዲሱ ሰው ገና እያሳየች ነበርና ሚዛኑ አጠገብ ዋሉ። ዘይነባ ጆንያ ከመጫኗ በፊት ሳህኑን በመጥረጊያ ታጸዳለች፤ መርፌው መወዛወዙን እስኪያቆም እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ገበሬውን «ይምጡ፣ ይዩት» ትለዋለች። ግራዝማች መርፌው ሳይቆም ለማንበብ ሞክረው ነበር። «ይቆይ እንጂ አባቴ፣ ምን አስቸኮለዎት?» ብላ ገሠጸቻቸው። ይህን ሲነግሩኝ ደስታቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

ማመልከቻውን ጻፍኩ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይል ነበር፤ «ያለ ጥፋቴ ከተነሳሁበት ከሚዛን ያዥነት ሥራዬ እንድመለስና ለቦታው የሚከፈለው ደሞዝ እንዲከፈለኝ ይታዘዝልኝ።» ስድብ የለ፣ እንባ የለ። ከሥሩ ሕገ መንግሥቱ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው የሚለውንና አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል የሚለውን አስገባን። ሴት ከወንድ እኩል ትቀጠራለች የሚል አንቀጽ ፈልገን አላገኘንም። ግራዝማች ግን አልተጨነቁም፤ «ሕጉ አሠሪና ሠራተኛ ነው የሚያውቀው። እሷ ሠራተኛ ናት። ሌላ የሚጨምሩት አቶ ደምሴ ናቸው፤ ያስረዱ» አሉ።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔና ግራዝማች ዘይነባ ቤት ነበርን። ግራዝማች ድንጋዩ እንደማይቀር አስጠንቅቀዋት ነበር። የምትመልሰውን ግን አልነገሯትም፤ ያን የራሷ ጉዳይ ነው ብለው ተዉት። እውነትም አቶ ደምሴ መጡ። ዘይነባ እስላም ስለሆነች ከሽማግሌዎቻቸውና ከአንድ ቄስ ሌላ አንድ ሼህ ጨምረዋል፤ በዚህ በኩል አይታሙም። ደጃፉ ላይ ድንጋያቸውን ተሸክመው ተንበረከኩ። ጎረቤቱ እንደገና ወጣ። የሻረግ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

ዘይነባ ቀስ ብላ ተነሣች። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከአንገታቸው ላይ በሁለት እጇ አነሣችው። መሬት ላይ አላስቀመጠችውም፤ እንደ ጆንያ ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነችው።

«አቶ ደምሴ፣ ይህ በጣም ቀላል ነው» አለች። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ደግሞስ ለምን ደከሙ? እኔ መቼ ተቀየምኩዎ? አልሰደቡኝ፣ አልመቱኝ። አላህ ይቅር ይበልዎ፤ ከልቤ ነው። ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ሻይ አለ።»

አቶ ደምሴ ደስ ብሏቸው ገቡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንደ ወጉ፣ «እንግዲህ እርቅ ከወረደ ክሱም ይቅር» አለ።

«ክሱ የጠብ አይደለም አባቴ» አለችው ዘይነባ። «ጠቡን ጨርሰናል። ክሱ የሥራ ነው፤ እሱን ዳኛው ይጨርሱታል። ስኳር ስንት ላድርግልዎ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሼሁ ሻያቸውን አንሥተው፣ «ልጅቱ ያለችው ልክ ነው፤ የሚታረቅ ሰው የለም፤ ማንን ከማን እናስታርቅ?» አሉ። ግራዝማችን ዞር ብዬ አየኋቸው። ፊታቸውን በካፖርታቸው ኮሌታ ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲስቁ ነበር።

ፍርድ ቤት ስንቀርብ አቶ ደምሴ ታርቀናል አሉ። ዳኛው ዘይነባን ጠየቋት። «አዎ፣ ጌታዬ፤ ታርቀናል። እኔ የመጣሁት ለሥራዬ ነው» አለች። ዳኛው ማመልከቻውን አነሡ። የመጀመሪያውን መስመር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። እውነት ለመናገር፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት ከዚያ በኋላም ደጋግሜ አላገኘሁትም። የእኔ እጅ ጽሕፈት፣ አዳራሹ ውስጥ፣ በዳኛ አንደበት! እነዚያ ዛፉ ሥር ቦታ የከለከሉኝ ሰዎች በመስኮት እያዩ ነበር።

ዳኛው አቶ ደምሴን ጠየቁ። «አዲሱ ሰውዬ በምን ይበልጣታል?»

«ወንድ ነው።»

«እሱን አየሁት። ሌላስ?»

አቶ ደምሴ ገበሬው አያምናትም አሉ። ግራዝማች ከአማኑኤል ወዲያ ኑግ የሚያመጣ አንድ ገበሬ በምስክርነት አቆሙ። ገበሬው በትሩን ደጅ አስቀምጠህ ግባ በመባሉ ተቆጥቶ ነበር የገባው።

«ሴት ሚዛን ስትይዝ አትጠራጠርም?» ተባለ።

«እኔ እምመለከት ሚዛኑን ነው፤ እሷን ምን ልሁን ብዬ እመለከታታለሁ፣ ላገባት ነው?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። «መርፌው እስቲቆም ትጠብቃለች፤ ና እይ ትለኛለች። የበፊቱ ጀርባውን ነበር የሚሰጠኝ። እሷን ታነሷት እንደሁ እኔ ኑጌን ሌላ ቦታ እወስዳለሁ።»

አቶ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ዳኛው በሌላ ቀጠሮ ፍርዱን ሰጡ፤ ያለ ጥፋቷና ከወንዱ በምን እንደምታንስ ሳይረጋገጥ የተነሣች ስለሆነ ወደ ቦታዋ ትመለስ፣ ለቦታው የሚከፈለውም ይከፈላት የሚል ነበር። ግራዝማች እጅ ነሥተው ወጡ። ደጅ ላይ ለእኔ፣ «የመጀመሪያው መስመር ያንቺ ነው» አሉኝ። ሰውን ብዙ አያመሰግኑም ነበር።

በዚያው ሳምንት ጃንጥላዬ ሥር ተቀምጬ ሳለ የሻረግ ጭራሮዋን አጥሩ ላይ አስደግፋ መጣች። ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነው የተናገረችው።

«እታለም፣ ለእኔም ጻፊልኝ።»

እርቁን አሰብኩና ምን እንደምላት ቸገረኝ። ግራዝማች ከኋላዬ ሆነው ሰምተው ኖሯል። «ይቅር ያልሽው ምኑን ነበር?» አሏት።

«ስድቡን።»

«ሥራሽንስ ይቅር ብለሻል?»

«ኧረ እኔ! መች ጠየቁኝና!»

ጻፍኩላት። ማመልከቻው ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ወሬው አቶ ደምሴ ዘንድ ደረሰ፤ ከተማችን ትንሽ ናት። ፋይል ሳይከፈት በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ወደ የሻረግ ደጅ ሄዱ። እኔም ወሬውን ሰምቼ ሮጥኩ። ስደርስ አቶ ደምሴ ድንጋዩን ተሸክመው ተንበርክከዋል፤ እናቷ ደግሞ እንደዚያኛው ጊዜ ከኋላዋ ማልቀስ ጀምራለች።

የሻረግ አላለቀሰችም። ልጇን ለእናቷ ሰጠች። ድንጋዩን ከአንገታቸው አነሣችና ከደጃፉ ጎን አስቀመጠችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«ስድቡን ያን ጊዜ ይቅር ብያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ይቅር አይባልም» አለቻቸው። «ይልቅ ይንገሩኝ፤ ነገ የምገባ በስንት ሰዓት ነው?»

አቶ ደምሴ ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹን አዩ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

«በአንድ ሰዓት» አሏት።